«ጓደኛ» ማለት ማን ነው? የአንድ ቃል ጉዞ በከተማ የፍቅር ኮሜዲ ታሪክ

መነሻ

የፍቅር ኮሜዲ ከጥንት ጀምሮ በሠርግ የሚያልቅ የተውኔት ዘርፍ ነው። ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ፤ አንድ እንቅፋት ይለያያቸዋል፤ እንቅፋቱ ሲወገድ ማኅበረሰቡ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተሰብስቦ ይመርቃቸዋል። ካለፉት ሃምሳ ዓመታት ወዲህ ከዚህ ዘርፍ ውስጥ አንድ ንዑስ ዘርፍ ጎልቶ ወጥቷል። በእርሱ ውስጥ ባለታሪኮቹ ሁለት ብቻ አይደሉም፤ በአንድ ትልቅ ከተማ የሚኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ከመካከላቸው ከፊሎቹ ተቃራኒ ጾታን፣ ከፊሎቹ የራሳቸውን ጾታ ያፈቅራሉ። የአንዱ ፍቅር ከሌላው ጋር ስለሚጠላለፍም የአንዱ ቋጠሮ ሳይፈታ የሌላው አይፈታም።

የዚህ ንዑስ ዘርፍ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ከሕግና ከሳንሱር አንጻር ነው። ለቋንቋ አጥኚ ግን ሌላ መግቢያ በር አለው። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ሴራው ደጋግሞ የሚዞረው «ጓደኛ» በሚለው ተራ ቃል ዙሪያ ነው። ቃሉ መጀመሪያ መሸፈኛ ነበር፤ ቀጥሎ የዝምድና ስም ሆነ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ የፊልም ርዕስ ሆኖ ፍርድ ቤት ቀረበ። ይህ ጽሑፍ ጉዞውን በጥቂት ሥራዎች ይከተላል፤ በመጨረሻም ቃሉ ወደ አማርኛ ሲሻገር ሰዋስው ምን እንደሚያስገድድና ምን እንደሚፈቅድ ይመረምራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስያሜ አንድ ነገር አስቀድሞ መባል አለበት። በአማርኛ የሕግና የስብከት ጽሑፍ የተለመደው ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው። ይህም በግእዝ አገናዛቢ አሠራር «ግብር» የሚለውን ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ የቦታ ስም ጋር ያናበበ ነው። ቃሉ የሚሰይመው ድርጊትን እንጂ ሰውን ወይም ፍቅርን አይደለም፤ ፍርዱንም በውስጡ ይዞ ይመጣል። የፍቅር ኮሜዲ ጉዳይ ደግሞ መፈላለግ፣ መፈራራትና መተማመን ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ «የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር» የሚለው ገላጭ ሐረግ ተመርጧል።

መልካም ፍጻሜ የተከለከለበት ዘመን

የኋላውን ዘርፍ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ዝምታ መረዳት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ኖኤል ካወርድ በ1933 ኒው ዮርክ ላይ ለመድረክ ባበቃው «ዲዛይን ፎር ሊቪንግ» በተሰኘ ኮሜዲው ጊልዳ የተባለች ሴትንና ኦቶና ሊዮ የተባሉ ሁለት ወንድ ጓደኛሞችን በፓሪስ፣ በለንደንና በኒው ዮርክ ያዟዙራቸዋል። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይዋደዳሉ፤ ሁለቱ ወንዶች የሚዋደዱት ምን ያህል እንደሆነ ግን ተውኔቱ በግልጽ ሳይሰይም ያልፈዋል። በለንደን መድረክ እስከ 1939 አልታየም። በዚያው በ1933 ኧርንስት ሉቢች ወደ ፊልም ሲያዛውረው ከካወርድ ምልልስ የቀረው እጅግ ጥቂት ነበር፤ የወንዶቹ መዋደድም ተራ ባልንጀርነት ሆኖ ቀረበ።

የሆሊውድ የፊልም ሥነ ምግባር ደንብ፣ በተለምዶ የሔይስ ደንብ የሚባለው፣ የወጣው በ1930 ቢሆንም በጥብቅ መተግበር የጀመረው በ1934 ነው። ደንቡ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ማሳየት ብቻ ሳይሆን መጠቆምንም ከልክሏል። በ1961 ማሻሻያ በጥንቃቄና በቁጥብነት ከሆነ እንዲነካ ተፈቀደ፤ በ1968 ደንቡ በዕድሜ ምደባ ተተካ። በእንግሊዝም የመድረክ ቅድመ ምርመራ የቀረው በዚያው በ1968 ነው። ሕጉ በወንዶች መካከል በግል የሚፈጸም ግንኙነትን ከወንጀልነት ያወጣው ከዚያ በአንድ ዓመት ቀድሞ ነበር።

እንዲህ ያለው ቁጥጥር የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ፈጽሞ ከታሪክ አላስወጣም፤ የታሪኩን ፍጻሜ ግን ወስኖታል። ስሙ ሳይጠራ ጭላንጭሉ የታየ ገጸ ባሕርይ ይሞታል፣ ይታሰራል ወይም ይጸጸታል። ኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» የተባለውን ልብ ወለዱን በ1913 እና በ1914 ጽፎ ሳያሳትመው የቆየው፣ ለሁለት ወንዶች መልካም ፍጻሜ ስለሰጣቸው ነው። መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1971 ነው። ኮሜዲ ማለት በመልካም የሚያልቅ ታሪክ ከሆነ፣ በዚያ ዘመን የተከለከለው አንድ ርእሰ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ርእሰ ጉዳዩ ወደ አንድ የድራማ ዘርፍ እንዳይገባ በሩ ተዘግቶበት ነበር።

ባርበሪ ሌን፣ ቁጥር 28

በሩ የተከፈተው በዕለታዊ ጋዜጣ ነው። አርሚስቴድ ሞፒን «ቴልስ ኦቭ ዘ ሲቲ» የተሰኘውን ተከታታይ ልብ ወለድ በ1976 በሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ላይ ማውጣት ጀመረ፤ በ1978 በመጽሐፍ ታተመ። ሜሪ አን ሲንግልተን የተባለች ወጣት ከክሊቭላንድ መጥታ በባርበሪ ሌን ቁጥር 28 ክፍል ትከራያለች። አከራይዋ አና ማድሪጋል ናት፤ ጎረቤቶቿ ማይክል ቶሊቨር፣ ሞና ራምዚና ብራያን ሆኪንስ ናቸው። አንዱ ወንድን ይወዳል፣ ሌላው ከሴት ወደ ሴት ይሄዳል፣ የአከራይዋም ያለፈ ሕይወት ምስጢር ነው። የሁሉም ፍቅር በአንድ ግቢ ውስጥ ይጠላለፋል።

የዚህ ሥራ አዲስነት በሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው የታተመበት ስፍራ ነው። ጋዜጣው በየቤቱ የሚገባ፣ በቁርስ ገበታ ላይ የሚነበብ ስለነበር፣ አንባቢው ማይክልን የተዋወቀው እንደ ብራያን ሁሉ በየዕለቱ በጥቂት መስመር ነው። ሁለተኛው የዝምድና ስም ፍለጋው ነው። ሞፒን የሥጋ ዘመድን በእንግሊዝኛ ከሚሰይመው «ባዮሎጂካል» ከሚለው ቅጽል የፊተኛውን ክፍል ቆርጦ «ሎጂካል» ቤተሰብ የሚል ሐረግ አወጣ። በልደት ያልተገኘ፣ በማስተዋል የተመረጠ ቤተሰብ ማለት ነው። በቃላት ጨዋታ የተወለደው ይህ ስያሜ «ጓደኞች» የሚለው ቃል ሊሸከመው ያልቻለውን ጭነት ተሸክሟል፤ ደራሲው በ2017 ላወጣው የሕይወት ታሪኩም ርዕስ አድርጎታል።

የተከታታዩ ልብ የሚነካው ክፍልም የስም ጉዳይ ነው። በ1977 የማይክል ወላጆች ከፍሎሪዳ በጻፉለት ደብዳቤ እንደ እርሱ ያሉ ሰዎችን የሚቃወም ዘመቻ መቀላቀላቸውን ይነግሩታል፤ የማን ወላጆች እንደሆኑ ግን አያውቁም። ማይክል ራሱን የሚገልጥላቸው መልሶ በሚጽፈው ደብዳቤ ነው። በኮሜዲ መካከል የገባው ይህ ደብዳቤ ሳቁን አያቋርጠውም፤ ሳቁ ከምን እንደሚጠብቅ ያሳያል። በከተማው ግቢ ውስጥ ስሙን ለማንም ማስረዳት የማያስፈልገው ሰው፣ ለእናቱ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊተረጉምላት ይገደዳል።

«የቅርብ ጓደኛው»፦ 1993 እና 1994

ዘርፉ ወደ ዓለም አቀፍ የፊልም ገበያ የገባው በሁለት ተከታታይ ዓመታት በወጡ ሁለት ፊልሞች ነው። ሁለቱም የሠርግ ታሪኮች ናቸው፤ ሁለቱም አንድን ባልና ሚስት ያልሆነ ጥንድ በሠርጉ ጥግ ያስቀምጣሉ።

የታይዋን ተወላጁ አንግ ሊ በ1993 የሠራው «ዘ ዌዲንግ ባንኬት» በዚያው ዓመት በበርሊን ፌስቲቫል ወርቃማውን ድብ ከአንድ የቻይና ፊልም ጋር ተጋርቷል። ዋይ ቱንግ በኒው ዮርክ ከሳይመን ጋር ይኖራል። በታይዋን ያሉት ወላጆቹ ዳሩልን ብለው ሲወተውቱት፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያስፈልጋትን ተከራዩን ዌይ ዌይን ለይስሙላ ሊያገባ ይስማማል። ወላጆቹ ሳይጠበቁ ለሠርጉ ይመጣሉ፤ የይስሙላው ጋብቻ ታላቅ ድግስ ይሆናል፤ ከድግሱም ምሽት ፅንስ ይገኛል። ሳይመን በራሱ ቤት ውስጥ መኖሩን የሚያስረዳ ሌላ ስም ተሰጥቶት ምግብ እያበሰለ ያስተናግዳል።

ፊልሙ ለቋንቋ አጥኚ የሚሰጠው ነገር ብዙ ነው። በቤቱ ውስጥ ማንዳሪንና እንግሊዝኛ እንደ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ወላጆቹ ባሉበት በእንግሊዝኛ የሚነገረው ከበር ጀርባ እንደተነገረ ይቆጠራል። የሚነገረው ማንዳሪን በነጠላ ሦስተኛ መደብ ወንድና ሴት አይለይም፤ «ታ» ለሁለቱም ያገለግላል። በጽሕፈት የሴቷ ምልክት የተለየው በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ነው። ስለዚህ ለቤተሰብ ስለሚወዱት ሰው ማውራት ሰዋስው ራሱ አያጋልጥም። ምስጢሩ የሚፈርሰው በሌላ በኩል ነው። ጡረተኛው የጦር መኮንን አባት እንግሊዝኛ እንደሚሰማ፣ ሁሉን ከቀድሞው እንደተረዳ፣ ለሳይመን ብቻ ገልጦ ለልጅ የሚሰጠውን የቀይ ፖስታ ስጦታ ይሰጠዋል፤ ለማንም እንዳይናገርም ያስምለዋል። እናት አባት እንዳይሰማ ትደብቃለች፣ ልጅም አባቱን ይደብቃል፣ አባት ሁሉንም ይደብቃቸዋል። ማንም ያልጠራውን ዝምድና ሁሉም ያውቀዋል።

በ1994 የወጣው የብሪታንያው «ፎር ዌዲንግስ ኤንድ ኤ ፊውነራል» በሪቻርድ ከርቲስ ተጽፎ በማይክ ኒውዌል የተዘጋጀ ነው። በየሠርጉ የሚገናኙ ነጠላ የለንደን ጓደኛሞች ታሪክ ነው፤ ዋናው ባለታሪክ ቻርልስ ነው። ከጓደኛሞቹ መካከል ጋሬትና ማቲው አብረው ይኖራሉ፤ ፊልሙ ይህን ሳያብራራም ሳይደብቅም ያልፈዋል። ጋሬት በአንዱ ሠርግ ላይ በድንገት ይሞታል። በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ቄሱ ማቲውን ሲጋብዙት የሚጠሩት የሟቹ የቅርብ ጓደኛ ብለው ነው። ማቲው ተነሥቶ የደብልዩ. ኤች. ኦደንን የለቅሶ ግጥም ያነባል።

ይህ ቅጽበት በዘርፉ ታሪክ ማዞሪያ ነው ማለት ይቻላል። ቄሱ አልዋሹም፤ በ1994 እንግሊዝ ውስጥ ለዚያ ዝምድና ሌላ የሥርዓት ስም አልነበረም። የቀብር ንግግሩ ግን «ጓደኛ» በሚለው ስምና በሐዘኑ መጠን መካከል ያለውን ርቀት ለተመልካቹ ያሳያል። ከቀብሩ በኋላ ቻርልስ፣ ነጠላነታችንን እያሞካሸን ስንኖር ከመካከላችን ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን ልብ አላልንም የሚል ሐሳብ ይሰነዝራል። ከዚያ በኋላ የእርሱም ታሪክ ይለወጣል። የተቃራኒ ጾታ ጥንዶቹ ታሪክ መለኪያ ያገኘው ከተመሳሳይ ጾታ ጥንዶቹ ነው።

በዚያው ፊልም ሌላም የቋንቋ ትዕይንት አለ። የቻርልስ ወንድም ዴቪድ መስማት የተሳነው ሲሆን፣ ተዋናዩ ዴቪድ ባወርም እንዲሁ ነው። በመጨረሻው ሠርግ ላይ ቄሱ ተቃውሞ ያለው እንዲናገር ሲጠይቁ ዴቪድ በብሪታንያ የምልክት ቋንቋ ይናገራል፤ ሙሽራው ራሱ ሌላ ሴት እንደሚወድ የሚገልጠውን ንግግር ሙሽራው ራሱ ለጉባኤው ይተረጉማል። እውነት በሠርግ ቤት የምትገባው በአስተርጓሚ ነው። የማቲው ሐዘንም በግጥም አስተርጓሚነት የገባው በዚያው አኳኋን ነው።

ሕጉ ቀስ ብሎ ተከተለ። ብሪታንያ የሲቪል ጥምረትን በ2004 ደነገገች፤ በእንግሊዝና በዌልስ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በ2014 ተጀመረ። በ2019 እነዚያው ተዋንያን ለበጎ አድራጎት በተሠራ አጭር ፊልም ሲሰባሰቡ፣ ሠርጉ የቻርልስ ሴት ልጅና የጓደኛው የፊዮና ሴት ልጅ ሠርግ ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በቀብር «ጓደኛ» የተባለው ዝምድና በዚያ በሠርግ ስሙን አገኘ።

ከሽፋን ወደ ርዕስ

ከዚያ በኋላ ዘርፉ በፍጥነት ተስፋፋ፤ ከመስፋፋቱም ጋር ደነዘዘ። በ1997 የወጣው «ማይ ቤስት ፍሬንድስ ዌዲንግ» ርዕሱ ላይ ያለው ጓደኛ ጁሊያን ልታስቀረው የምትሞክረው ሙሽራ ነው፤ በመጨረሻው ጭፈራ ላይ ሳይጠራ መጥቶ የሚያጽናናት፣ ወንዶችን የሚወደው ጆርጅ ግን ርዕሱን በእርግጥ የሚገባው ሰው ሆኖ ይገኛል። ከእርሱ በኋላ በመጡ ብዙ ሥራዎች ይህ ገጸ ባሕርይ ምክር ሰጪና አሳቂ ሆኖ፣ የራሱ ፍቅር ሳይኖረው የሌላውን ፍቅር እንዲያገለግል ተደረገ። «ጓደኛ» የሚለው ቃል መደበቂያ መሆኑ ቀርቶ ድንበር ሆነ። ሰውየው ጓደኛ እንዲሆን ይፈቀድለታል፤ ከዚያ እንዲያልፍ ግን አይፈቀድለትም።

በሕንድ ቃሉ ሌላ መንገድ ሄዷል። ታሩን ማንሱካኒ ያዘጋጀው የ2008ቱ የሂንዲ ፊልም «ዶስታና» በማያሚ ከተማ የሚካሄድ ኮሜዲ ነው። ሁለት ሴት ወዳድ ወንዶች ከአንዲት ወጣት ጋር ቤት ለመከራየት ሲሉ ፍቅረኛሞች ነን ብለው ይዋሻሉ፤ ሁለቱም ደግሞ እርሷኑ ይወዳሉ። «ዶስት» ከፋርስኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ጓደኛ ነው፤ ርዕሱም ወዳጅነት ማለት ነው። በ1980 በዚያው ርዕስ የወጣው የቀድሞ ፊልም ስለ ወንዶች ባልንጀርነት እንጂ ስለሌላ አልነበረም፤ ሳቁ የተገነባው ይህ የተከበረ ቃል በሌላ ጆሮ ምን ሊሰማ እንደሚችል በማሳየት ነው። ማስመሰሉ በብዙ የተለመደ ማሾፍ የተሞላ ቢሆንም፣ እናት ልጇንና «ሙሽራውን» በባህሉ ወግ የምትቀበልበት ትዕይንት ለቀልድ ተሠርቶ እንደ ቀልድ ብቻ አልቀረም።

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 377 በዚህ ረገድ የሻረው በመስከረም 2018 ነው። በ2020 የወጣው «ሹብ ማንጋል ዚያዳ ሳቭዳን» ማስመሰሉን ትቶ ሁለት ወንዶች ከአንዱ ቤተሰብ ጋር የሚገጥሙትን ሙግት የፍቅር ኮሜዲ አደረገው። ከ«ዶስታና» እስከ እርሱ ያሉት አሥራ ሁለት ዓመታት፣ ፍቅርን በጓደኝነት ስም ከማስመሰል በራሱ ስም እስከ መጥራት ያለውን ርቀት ይለካሉ።

ናይሮቢ፦ «ራፊኪ»

በምሥራቅ አፍሪካ የቃሉ ታሪክ ወደ አንድ ነጥብ የሚሰበሰበው በዋኑሪ ካሂዩ የ2018 ፊልም ነው። «ራፊኪ» በኡጋንዳዊቷ ደራሲ ሞኒካ አራክ ደ ንዬኮ «ጃምቡላ ትሪ» በተባለውና በ2007 የኬን ሽልማት ባገኘው አጭር ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ነው። ኬናና ዚኪ የናይሮቢ ወጣቶች ናቸው፤ አባቶቻቸው በአንድ ምርጫ ተፎካካሪዎች ናቸው። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ኮሜዲ አይደለም፤ በመካከሉ የጎረቤት ድብደባ አለ። ይሁን እንጂ ደማቅ ቀለሙ፣ የሠፈሩ ሐሜተኞች፣ የተቀናቃኝ ቤተሰቦች ልጆች ፍቅርና ኬናን የሚወዳት ወንድ ጓደኛዋ ብላክስታ ከፍቅር ኮሜዲ ዕቃ ቤት የወጡ ናቸው። ምልልሱ እንግሊዝኛን፣ ስዋሒሊንና የከተማውን ሼንግ ያፈራርቃል።

«ራፊኪ» ከዐረብኛው «ረፊቅ» ወደ ስዋሒሊ የገባ ቃል ሲሆን ጓደኛ ማለት ነው። ዳይሬክተሯ ርዕሱን ስታብራራ፣ በኬንያ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች አንዱ ሌላውን ለሰው ሲያስተዋውቅ በፈለገው ስም መጥራት ስለማይችል «ራፊኪ» እንደሚለው ተናግራለች። ርዕሱ ስለዚህ ገላጭም ሸፋኝም ነው፤ ቃሉን የሚሰማ ሁሉ ይረዳዋል፣ የሚረዳው ግን የየራሱን ነው።

የስዋሒሊ መዝገበ ቃላት ለዚህ ታሪክ ተቃራኒ ምስክርም አለው። በጠረፍ ሴቶች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት «ሾጋ» የሚለው ቃል የሴት ለሴት ወዳጅነትን የሚሰይም የቁልምጫ ቃል ነው። ይኸው ቃል ወንድ ላይ ሲውል ወንዶችን ለሚወድ ወንድ የሚሰጥ፣ በአብዛኛው የሚያንቋሽሽ ስም ሆኗል። አንዱ የጓደኝነት ቃል መጠለያ ሲሆን ሌላው ድንጋይ ሆነ። ለውጡን ያመጣው የቃሉ ፍች ሳይሆን፣ ማን ለማን ይናገረዋል የሚለው ነው።

የኬንያ የፊልም ምደባ ቦርድ በሚያዝያ 2018 ፊልሙን አገደ። ዳይሬክተሯ እንደገለጸችው ከቦርዱ ጋር የነበረው ክርክር ስለ መጨረሻው ትዕይንት ነበር፤ ፍጻሜው ተስፋ ያለበት በመሆኑ እንዲለወጥ ተፈልጎ ነበር። ፊልሙ በግንቦት በካን ፌስቲቫል ታየ፤ በዚያ መድረክ የተመረጠ የመጀመሪያው የኬንያ ረጅም ፊልም ሆነ። በመስከረም 2018 የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እገዳውን ለሰባት ቀናት አነሣ፤ ለኦስካር ዕጩነት ብቁ ለመሆን በአገር ውስጥ መታየት ነበረበት። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል።

በዚህ ላይ የሔይስን ደንብና የፎርስተርን የተሸሸገ ልብ ወለድ ማስታወስ ይገባል። በ1914፣ በ1934 እና በ2018 የተለያዩ አገሮች፣ የተለያዩ ሕጎችና የተለያዩ ሃይማኖታዊ ልማዶች ነበሩ። የተጠየቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ ታሪኩ ይነገር፣ በመልካም ግን አይለቅ። ሙግቱ ስለ ዘርፍ ነው የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰቆቃ ሲሆን የታገሡት ታሪክ ኮሜዲ ሲሆን አልታገሡትም።

የአማርኛ ሰዋስው ምን ያስገድዳል?

አማርኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በትርጉም በር ነው። ካና ቴሌቪዥን በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ማሰማት የዕለት ልማድ ሆኗል። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችም የፍቅር ኮሜዲ ከተለመዱት የአገር ውስጥ የፊልም ዓይነቶች አንዱ ነው። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ የሚሰማበት አጋጣሚ ጠባብ ነው። የሰዋስው ጥያቄው ግን ከሕጉ ነጻ ሆኖ ሊጠና ይችላል።

ከላይ የተነሡት ቋንቋዎች ጾታን የሚያጋልጡበት ቦታ ይለያያል። እንግሊዝኛ የሚያጋልጠው በነጠላ ሦስተኛ መደብ ተውላጠ ስም ብቻ ነው። የሚነገረው ማንዳሪንና ስዋሒሊ በተውላጠ ስምም በግስም አያጋልጡም። ሂንዲ በተውላጠ ስሙ አይለይም፤ በግሱ ግን የተናጋሪውን ጾታ እንኳ ያሳያል። አማርኛ ተናጋሪውን ይሰውራል፤ በነጠላ ሁለተኛና ሦስተኛ መደብ ግን በግሱም በተሳቢ ቅጥያውም ይለያል። በስዋሒሊ «ናኩፔንዳ» የሚለው አንድ ቃል በአማርኛ «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» መሆን አለበት፤ ሦስተኛ ምርጫ የለም። ትግርኛም በሁለተኛ መደብ እንደ አማርኛ ይለያል፤ ኦሮምኛና ሶማልኛ ግን በሁለተኛ መደብ ሳይለዩ በሦስተኛው ይለያሉ። ስለዚህ በአንድ ትዕይንት በስልክ የሚነገር የፍቅር ቃል፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ተመልካቹ እንዳያውቅ ታስቦ የተጻፈ ከሆነ፣ በኦሮምኛ ምስጢሩ ሊጠበቅ ሲችል በአማርኛ ከመጀመሪያው ግስ ይፈሳል።

አስተርጓሚው ምን መውጫ አለው? የአክብሮት መልክ («እርስዎ»፣ «እርሳቸው») ጾታን ይሰውራል፤ የከተማ ወጣት ጓደኛሞች ግን አንቱ አይባባሉም፣ ቢባባሉም ቀልድ ይሆናል። የብዙ ቁጥርም ይሰውራል፤ ብቻውን ያለን ሰው ግን ብዙ ማድረግ አይቻልም። ሦስተኛው መውጫ ይበልጥ ትኩረት የሚስብ ነው። «ሰው» የሚለው ስም ጾታው ሳይታወቅ ሲቀር ተባዕታይ ስምምነትን ይወስዳል። አንዲት ሴት «የምወደው ሰው አለ» ብትል ሰሚው ወንድ ነው ብሎ ይረዳል፤ ሴትን የምትወድ ብትሆንም በሰዋስው አልዋሸችም። አንድ ወንድ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ቢናገር ሰሚው ተባዕታዩን እንደ ነባሪ መልክ ወስዶ «ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያች «ናት» ላይ ጠያቂው የራሱን ግምት ይፋ ያደርጋል፤ ተጠያቂው ደግሞ ማረም ወይም ዝም ማለት ይኖርበታል። ይህ ለኮሜዲ የተዘጋጀ ቦታ ነው፤ ስዋሒሊ እንዲህ ያለ ቦታ የለውም።

የአማርኛ የቅርርብ አነጋገርም ጾታን ያዟዙራል። እናት ወንድ ልጇን በሴት መልክ ስታቆላምጥ፣ ወንድ ጓደኛሞች በቀልድ «አንቺ» ሲባባሉ፣ ሴትም በፍቅር «አንተ» ስትባል ይሰማል። ስለዚህ በጓደኛሞች ጨዋታ ውስጥ የሰዋስው ጾታ ሁልጊዜ የሰውየውን ጾታ አይመሰክርም፤ ቅርርብን ይመሰክራል።

በመዝገበ ቃላት ደረጃም አማርኛ ያለ መሣሪያ አይደለም። «ወዳጅ» «ወደደ» ከሚለው ግስ የወጣ የአድራጊ ስም ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎችም ወዳጅ ይባላሉ፣ ከትዳር ውጭ ያለ ፍቅረኛም ወዳጅ ይባላል። «ባልንጀራ» በተለምዶ «ባለ እንጀራ» ከሚለው ጋር ይያያዛል፤ የአንድ ገበታ ተካፋይ የሚል ስሜት አለው። «ጓደኛ» ራሱ በከተማ ወጣቶች አነጋገር «ጓደኛ አለሽ?» ሲባል ፍቅረኛን ይጠይቃል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በቅጽና በመዝገብ ላይ ባል ወይም ሚስት ሳይለይ የሚጻፈው ሐረግ «የትዳር ጓደኛ» መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ቄስ «ጓደኛ» ብለው ትዳርን ሲያሳንሱ፣ የአማርኛ የጽሕፈት ቤት ልማድ ያንኑ ቃል የትዳር ስም አድርጎታል። ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ በዚያው ከተማ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ከ2010 ጀምሮ ሕጋዊ ነው። ሰነድ የሚተረጉም ሰው «ባል/ሚስት» ከማለት «የትዳር ጓደኛ» ቢል ትክክለኛውን ነገር ያለ አዲስ ቃል ይናገራል።

መደምደሚያ

ከተነሡት ሥራዎች አንድ ነገር ይወጣል። «ጓደኛ» በከተማ የፍቅር ኮሜዲ ውስጥ የቆየው ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ ሰፊ ስለሆነ ነው። በባርበሪ ሌን ቤተሰብን ተሸክሟል፤ በለንደኑ ቀብር ባልነትን፣ በናይሮቢ ደግሞ ፍቅርንም ደኅንነትንም በአንድነት ተሸክሟል። የሚያስቀው ሰሚዎች ቃሉን በተለያየ ስፋት ሲረዱት ነው፤ የሚያሳዝነውም ያው ነው።

ለክልሉ የቋንቋ አጥኚዎች ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ትንሽ ቢመስልም ቀላል አይደለም። ቃለ ምልልስ ሲጻፍ፣ ፍካሬ ሲሰጥ፣ የፊልም ግርጌ ጽሑፍ ሲዘጋጅ፣ «ራፊኪ»፣ «ሂሪያ»፣ «ሳሒብ»፣ «ዓርኪ» ወይም «ጓደኛ» ያለን ተናጋሪ፣ ያላለውን ጨምሮ «ፍቅረኛ» ብሎ መተርጎም ልክ እንደመሰረዝ ያለ ስሕተት ነው። በሌላ በኩል ተናጋሪው በግልጽ የሰየመውን ወደ «ጓደኛ» መመለስም የቄሱን ንግግር መድገም ነው። ሕግ በሚያስቀጣበት አገር የመጀመሪያው ስሕተት ሰውን ሊያጋልጥ ይችላል፤ ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ሰውየውን ከታሪኩ ያወጣዋል። የቃሉ አሻሚነት የተናጋሪው ምርጫ ሲሆን የአስተርጓሚው ሥራ አሻሚነቱን መጠበቅ ነው። አማርኛ ግሱ ጾታን ባስገደደው ቦታ ሁሉ ይህ ሥራ ይከብዳል፤ «የምወደው ሰው» እና «የትዳር ጓደኛ» እንደሚያሳዩት ግን ቋንቋው መውጫውን ከራሱ ውስጥ ያቀርባል።